ግድግዳውን ሳያዩ መንካት

እንደምን አመሻችሁ። ልጆቻችሁን ይዛችሁ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ። ከፊት የተቀመጣችሁት ልጆች ፀጉራችሁ ገና አልደረቀም። ከገንዳ ወጥታችሁ በቀጥታ እንደመጣችሁ ያስታውቃል። ደስ ብሎኛል፤ ዛሬ በተለይ የማወራው ለእናንተ ነውና።

የመጣሁት ስለ አንድ ውድድር ላወራችሁ ነው። የሴቶች 50 ሜትር የጀርባ ዋና ፍጻሜ። የዓለም ሻምፒዮና፣ ቡዳፔስት፣ ጁላይ 27 ቀን 2017። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምጠራው፤ እንዳይምታታባችሁ።

ቪዲዮው እዚህ ላፕቶፕ ላይ አለ። አሁን ግን አልከፍተውም። ዝም ብዬ ባሳያችሁ የምታዩት ውሃ ሲረጭ ብቻ ነው። ገና ሳትጠግቡት ያልቃል። 27 ሴኮንድ ናት ጠቅላላዋ። ስለዚህ መጀመሪያ ምን ማየት እንዳለባችሁ ልንገራችሁ። ማሳየቱ መጨረሻ ላይ ይሁን።

ውጤቱን ግን አልደብቃችሁም። ኤቲዬኔ ሜዴይሮስ ከብራዚል፣ 27.14። ፉ ዩዋንሁዊ ከቻይና፣ 27.15። አሊያክሳንድራ ሄራሲሜኒያ ከቤላሩስ፣ 27.23። ወርቁንና ብሩን የለየው የሴኮንድ አንድ መቶኛ ነው። አንድ ሴኮንድ ወስዳችሁ መቶ ቦታ ቆራርጡት። ከመቶው አንዷን ቁራጭ አንሱ። እሷ ናት። ዓይናችሁን አንዴ ለማርገብገብ እንኳ ከዚያ አሥር እጥፍ ያህል ይፈጅባችኋል።

የእኛ ሰው ይህን ስሜት ያውቀዋል። ሲድኒ 2000ን ያየ ሰው እንዴት ይረሳዋል? ኃይሌ ገብረሥላሴና ፖል ቴርጋት 10 ሺህ ሜትር ሮጠው ሮጠው፣ መጨረሻዋ መስመር ላይ ደረት ለደረት ደረሱ። ኃይሌ 27 ደቂቃ ከ18.20። ቴርጋት 27 ደቂቃ ከ18.29። አገር ምድሩ በደስታ ያበደበት ልዩነት ዘጠኝ መቶኛ ነው። ቡዳፔስት ላይ ግን አንድ ብቻ ናት። ግጥምጥሞሹ ደግሞ ይገርመኛል፤ እዚያ 27 ደቂቃ፣ እዚህ 27 ሴኮንድ።

ሁለቱን የሚለያቸው ግን ሌላ ነገር ነው። ኃይሌ ቴርጋትን ያየው ነበር። ከፊቱ ነበር የሚሮጠው። መስመሩንም ያየዋል። በጀርባ የምትዋኝ ሴት ግን የምትሄድበትን አታይም። ግድግዳው ያለው ከአናቷ በስተኋላ ነው። ተፎካካሪዋን ጎንና ጎን ብትፈልግም የሚታያት የውሃ ግርግር ነው። ሙሉ ኃይሏን ይዛ ወደማታየው ግድግዳ ትበራለች። እኔን ይህን ያህል ዓመት የያዘኝ ይሄ ነው።

እስቲ ሒሳቡን አብረን እንሥራው። 50 ሜትርን ለ27.14 አካፍሉት። በሴኮንድ 1 ሜትር ከ84 ሳንቲ ሜትር ገደማ ይመጣል። ስለዚህ በአንድ መቶኛ ሴኮንድ የሚዋኘው 1.84 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው። አውራ ጣታችሁን አንሱ። አግድም ያዙትና ውፍረቱን እዩት። አዎ፣ እሱን ያህላል። ከ50 ሜትር በኋላ ሁለቱን ሴቶች የለያቸው እሱ ነው።

አንድ ልጅ ባለፈው «ለምን በሺኛ ሴኮንድ አይለኩትም?» ብሎ ጠይቆኛል። ጥሩ ጥያቄ ነው። ለክተውት ያውቃሉ። ሙኒክ 1972፣ የወንዶች 400 ሜትር ድብልቅ ዋና። ስዊድናዊው ጉናር ላርሶንና አሜሪካዊው ቲም ማኪ ሁለቱም በ4 ደቂቃ ከ31.98 ገቡ። ሰዓቱ እስከ ሺኛ ድረስ ሲታይ ላርሶን በሁለት ሺኛ ቀድሞ ተገኘ። ወርቁን ወሰደ። ከዚያ በኋላ ግን ደንቡ ተቀየረ። መቶኛው ላይ እኩል ከሆኑ እኩል ናቸው ተባለ። ገንዳ የሚሠራው በሰው እጅ ነውና። አንዱ መስመር ከጎረቤቱ በጥቂት ሚሊ ሜትር ቢረዝም የሚደንቅ አይደለም። በሁለት ሺኛ ሴኮንድ የሚዋኘው ደግሞ ከዚያም ሊያንስ ይችላል። ማን ፈጣን ዋናተኛ እንደሆነ ሳይሆን የማን መስመር አጭር እንደሆነ መለካት ይሆናል። እኔ ውሳኔውን እወደዋለሁ። ይህን ያዙልኝ፤ ስለ ሪዮ ሳወራ እመለስበታለሁ።

አሁን ወደ ጀርባ ዋና እንግባ።

እኔ የተማርኩት በ13 ዓመቴ ነው። የተማርኩበት ገንዳ ባንዲራ አልነበረውም። የትኛውን ባንዲራ እንደምል የምታውቁ ታውቁታላችሁ፤ ከገንዳው ማዶ ለማዶ በገመድ የሚሰቀለውን፣ ሦስት ማዕዘን ሦስት ማዕዘን እየሆነ የሚውለበለበውን። ወላጆች ለጌጥ ይመስላቸዋል። እናቴም ለጌጥ ነበር የሚመስላት። ለጌጥ አይደለም። ከግድግዳው በትክክል 5 ሜትር ላይ፣ ከውሃው 1.8 ሜትር ከፍ ብሎ የሚሰቀል ምልክት ነው። በጀርባ የሚዋኝ ሰው ግድግዳው መቅረቡን የሚያውቀው በእሱ ነው።

እኔ ያ ምልክት አልነበረኝም። አንድ ቀን እየቀዘፍኩ ሄጄ አናቴን ከግድግዳው ጋር አላተምኩት። ድው አለ። የውሃ ውስጥ ድምፅ ነው፤ በጆሮ ሳይሆን በአጥንት ነው የሚሰማው። አልደማሁም። ማንም ያየኝ ሰው አልነበረም። ግን ከዚያን ቀን ጀምሮ ወደ ግድግዳው የተጠጋሁ ሲመስለኝ እጄ በራሱ ይዘገያል። አንገቴን አዙሬ አያለሁ። አንገት ሲዞር ዳሌ ይሰምጣል። ዳሌ ሲሰምጥ ፍጥነት ይሞታል። ሁለት ዓመት ሙሉ እንዲህ ነው የዋኘሁት። ፍርሃቱ የለቀቀኝ ሌላ ገንዳ ሄጄ፣ ባንዲራ አይቼ፣ መቁጠር ስማር ነው።

መቁጠር። ምስጢሩ ይሄው ነው። ጥሩ ዋናተኛ ባንዲራው በዓይኗ ላይ ካለፈበት እስከ ግድግዳው ስንት ቀዘፋ እንዳላት ታውቃለች። ሦስት ሊሆን ይችላል። አራት ሊሆን ይችላል። እንደ ክንዷ ርዝመትና እንደ ፍጥነቷ ነው። በልምምድ ሺህ ጊዜ ቆጥራዋለች። ደክማ ቆጥራዋለች፣ ትኩስ ሆና ቆጥራዋለች። ውድድር ላይ ባንዲራው ሲያልፍ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ትልና በመጨረሻው ጭንቅላቷን ወደ ኋላ ትወረውራለች። ክንዷን ታስረዝማለች፤ ትከሻዋ ጆሮዋን እስኪነካ። ጣቶቿ ቀጥ ብለው ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን ሰሌዳ ይመታሉ። ሰዓቱን የሚያቆመው ያ ሰሌዳ ነው። ዳኛ ዓይቶ የሚፈርደው አይደለም።

እስቲ አስቡት። ቆጠራዋ በግማሽ ቀዘፋ ቢሳሳት ምን ይሆናል? ወይ ክንዷ ገና ሳይዘረጋ ግድግዳው ይመጣባታል፤ ክርኗ ታጥፎ ትነካለች። ወይ ደግሞ ክንዷን ቶሎ ዘርግታ ግድግዳው አልደርስ ይላታል፤ ያቺን የቀረች ርቀት ተንሳፍፋ ነው የምትጨርሳት። በሁለቱም መንገድ አንድ መቶኛ ሄደች ማለት ነው። ከአንድ በላይም ትሄዳለች። ስለዚህ ሰዎች «በአንድ መቶኛ አሸነፈች፤ ዕድል ነው» ሲሉ እኔ ሆዴን ይቆርጠኛል። ያቺ መቶኛ የተሠራችው ጠዋት ጠዋት በብርድ እየተነሱ፣ ባንዲራ እየቆጠሩ ነው። ማንም በማያይበት ሰዓት።

ጅማሬውም እንደዚያው ነው። ሌላው ውድድር ሁሉ ከመነሻው ብሎክ ላይ በመዝለል ይጀመራል። ጀርባ ዋና ግን ውሃ ውስጥ ነው የሚጀመረው። የመጀመሪያው ረጅም ፊሽካ ሲነፋ ይገባሉ። ሁለተኛው ሲነፋ ወደ ግድግዳው ይመጣሉ። በእጃቸው መያዣውን ይጨብጣሉ። ፊታቸው ወደ ግድግዳው ነው፤ ጀርባቸው ወደሚሄዱበት። የእግር ጣቶቻቸውን ግድግዳው ላይ ይተክላሉ። ድሮ ይሄ እግር መንሸራተት ስንቷን ሜዳሊያ እንዳሳጣ! አሁን እግር የሚያስደግፍ ትንሽ ተዳፋት ነገር በማሰሪያ ይወርድላቸዋል። «ተዘጋጁ» ሲባሉ ገላቸውን ወደ ላይ ይስባሉ፤ አፍንጫቸው ብሎኩን ሊነካ ይደርሳል። እንደተወጠረ ወንጭፍ ናቸው። ከዚያ ድምፁ። ወደ ኋላ ይወነጨፋሉ። ወገባቸው እንደ ቀስት ታጥፎ፣ እጃቸው በገባበት ቀዳዳ እግራቸውም ይገባል።

ከዚያ ጸጥታ ነው። ለተመልካቹ ማለቴ ነው። ስምንት ሴቶች ከውሃው በታች ጠፍተዋል። እጃቸውን ከራሳቸው በላይ አቆላልፈው፣ ጀርባቸው ወደ ታች ሆኖ፣ ሁለቱን እግር አንድ አድርገው እንደ ዶልፊን ይራገጣሉ። እስከ 15 ሜትር ድረስ ይፈቀድላቸዋል። ከዚያ አናታቸው ከውሃው በላይ መውጣት አለበት። 15 ሜትር ማለት ለ50 ሜትር ውድድር ሲሶ ሊሞላ ምንም ያልቀረው ነው። ወጣትና ጎበዝ የሆነች ዋናተኛ ገና አንድ ጊዜ እጇን ሳታነሳ ውድድሩን ልትመራ ትችላለች። ፊት ወደ ላይ ሆኖ ውሃ ውስጥ መሄድ ደግሞ ቀላል እንዳይመስላችሁ። ውሃው በአፍንጫ ነው የሚገባው። ቀስ እያላችሁ በአፍንጫ ካልተነፈሳችሁ አንጎላችሁ ድረስ ያቃጥላችኋል። ልጆቹ እየሳቁ ነው፤ ቀምሰውታል።

ይህች የ15 ሜትር ደንብ ከየት መጣች መሰላችሁ? ሴኡል፣ 1988። አሜሪካዊው ዴቪድ በርኮፍ የ100 ሜትር ጀርባ ዋናን ውሃ ውስጥ ሆኖ ጀመረና ከ30 ሜትር በላይ ሳይወጣ ሄደ። በማጣሪያው የዓለም ክብረ ወሰን ሰበረ። ፍጻሜው ላይ ግን ጃፓናዊው ዳይቺ ሱዙኪ በዚያው ዘዴ መጥቶ ቀደመው። ዳኞቹ ግራ ተጋቡ፤ ይሄ ዋና ነው ወይስ ጥልቅ ውሃ መግባት? መጀመሪያ 10 ሜትር ብለው ገደቡት። ቆይቶ 15 አደረጉት። አሁን ደግሞ ደስ የሚለውን ስሙ። ዴቪድ በርኮፍ ልጅ ወለደ። ካትሪን ትባላለች። በ2025 ሲንጋፖር ላይ በተካሄደው የዓለም ሻምፒዮና የሴቶችን 50 ሜትር ጀርባ ዋና ያሸነፈችው ካትሪን በርኮፍ ናት፤ በ27.08። አባት ያስገደበውን ደንብ ልጅ በደንቡ ውስጥ ሆና ወርቅ አደረገችው። ይህን ታሪክ ባወራሁት ቁጥር ፊቴ ይበራል።

ወደ ቡዳፔስቷ ሁለተኛ እንምጣ። ወደ ፉ ዩዋንሁዊ።

እኔ አሸናፊዋን አከብራታለሁ፤ ልቤ ግን ፉ ጋ ነው። ሃንግዡ የተባለች ከተማ ልጅ ናት። ቡዳፔስት ስትመጣ 21 ዓመቷ ነው። የዚህ ርቀት የዓለም ሻምፒዮናም ነበረች፤ በ2015 ካዛን ላይ በ27.11 አሸንፋለች። ያን ጊዜ ሁለተኛ የወጣችው ማን ናት? ሜዴይሮስ። ስለዚህ ቡዳፔስት ላይ የተገናኙት የቆዩ ተፎካካሪዎች ናቸው።

በመሀል ግን ሪዮ አለች። የ2016 ኦሊምፒክ፣ 100 ሜትር የጀርባ ዋና። ግማሽ ፍጻሜውን ፉ በ58.95 ጨረሰች። ከውሃ ወጥታ ለቴሌቪዥን ስትናገር ሰዓቷን የነገራት ጋዜጠኛው ነው። ዓይኗ ፈጠጠ። 59 የገባች ነበር የመሰላት። ያላትን ኃይል ሁሉ እንደተጠቀመች፣ ለፍጻሜው ያስቀረችው እንደሌለ በፊቷም በእጇም እያሳየች ተናገረች። አገሩ በአንድ ቀን ወደዳት። ሌላው አትሌት «ለቀጣዩ እዘጋጃለሁ» ብሎ በሚያልፍበት ቦታ እሷ የተሰማትን ተናገረች።

ፍጻሜው ደረሰ። የሀንጋሪዋ ካቲንካ ሆሱ በ58.45 አሸነፈች። አሜሪካዊቷ ካትሊን ቤከር 58.75፣ ሁለተኛ። ፉ 58.76። የካናዳዋ ካይሊ ማስም 58.76። ቅድም ያዙልኝ ያልኳችሁ ይሄ ነው። መቶኛው ላይ እኩል ናቸው፤ ስለዚህ ሁለቱም ነሐስ። ሁለቱም አንድ መድረክ ላይ ወጡ። የሙኒኩ ደንብ ቢቀጥል ኖሮ አንዷ ባዶ እጇን ትመለስ ነበር።

ፉ ግን ነሐስ ማግኘቷን እንኳ አላወቀችም ነበር። በጀርባ የሚዋኝ ሰው ሲጨርስ ፊቱ ወደ ጣሪያ ነው። ውጤት ሰሌዳውን ዞሮ መፈለግ አለበት። እሷ ሜዳሊያ የቀረባት መስሏት ለጋዜጠኛዋ እያወራች ሳለ ነው ሦስተኛ መውጣቷ የተነገራት። ከዚያ ደግሞ ብሩ በአንድ መቶኛ እንዳመለጣት ተነገራት። መልሷ፣ እጇ አጭር ስለሆነ ይሆናል የሚል ነበር። ዓለም ሳቀ። እኔም ያኔ ፈገግ ብያለሁ። ቆይቼ ሳስበው ግን ከማንም ጋዜጠኛ የበለጠ ነገሩን የገለጸችው እሷ ናት። ከአውራ ጣት ውፍረት የማይበልጥ ልዩነት የሚወሰነው በእጅ መጨረሻ ላይ ነውና።

በሚቀጥለው ዓመት ቡዳፔስት ላይ አሁንም አንድ መቶኛ። ያውም ወርቅ። ሪዮ ላይ ብሩን፣ እዚህ ወርቁን። አንዲት ሴት በአንድ ዓመት ውስጥ ሁለት ጊዜ በአንድ መቶኛ። ይህን ስጽፈው እንኳ እጄ ይከብደኛል።

ከሪዮ ሳንወጣ ግን አንድ ነገር አለ። እናቶች፣ ይህን በደንብ ስሙኝ። ሴቶች ልጆችም። ወንዶችም አትውጡ፤ እናንተንም ይመለከታችኋል።

የሪዮ ዋና ሊያልቅ ሲል የ4 በ100 ሜትር ድብልቅ ቅብብል ነበር። ቻይናን ወክላ የጀርባውን ክፍል የዋኘችው ፉ ናት። አራተኛ ወጡ። ሦስት ሜዳሊያ ብቻ ባለበት አራተኛ መውጣት እንዴት እንደሚያም ታውቃላችሁ። ሌሎቹ ሦስት ልጆች ለካሜራው ሲናገሩ ፉ የለችም። ቁጢጥ ብላ ተቀምጣለች፤ ሆዷን አሟታል። ጋዜጠኛዋ ሆድሽን አሞሻል ወይ ብላ ጠየቀቻት። ፉ ተነስታ በግልጽ መለሰች። የወር አበባዋ ባለፈው ሌሊት መምጣቱን፣ ስለዚህ ድካም እንደተሰማት ተናገረች። ወዲያው ግን ይህ ሰበብ እንደማይሆናት፣ በደንብ ስላልዋኘች ጓደኞቿን እንደሚገባው እንዳላገዘቻቸው ጨመረችበት።

ይህን የተናገረችው ለመቶ ሚሊዮኖች በሚደርስ ቴሌቪዥን ነው። አገሯ ውስጥ ወሬው ሌላ ሆነ። ብዙ ሰው በወር አበባ ጊዜ መዋኘት መቻሉን ያወቀው ያን ቀን ነው። እናትና ልጅ ተነጋገሩ። ከዚያ በፊት አይነኬ የነበረ ነገር የዋና ወሬ ሆነ።

እኔ ይህን ሳይ 15 ዓመቴ ትዝ አለኝ። ልምምድ መቅረት ነበረብኝ። ምክንያቱን ለአሰልጣኜ መናገር ሞት መሰለኝ። «አሞኝ ነው» አልኩ። በሚቀጥለውም ወር «አሞኝ ነው» አልኩ። ሦስተኛው ላይ «ሰበብ አታብዢ፣ ካልፈለግሽ ቅሪ» ተባልኩ። ቀረሁ። ለአራት ዓመት ገንዳ አልረገጥኩም። እሱን ክፉ ሰው ነው አልልም። እሱም አልጠየቀ፣ እኔም አልነገርኩ። ቃሉን የሚያወጣው ሰው ጠፋ፣ በቃ። ፉ ያንን ቃል አወጣችው። ለእኔ ከዚያ ነሐስ የሚበልጠው ይሄ ነው። እዚህ ያላችሁ አባቶች፣ ልጃችሁ «ዛሬ ልምምድ አልሄድም» ስትል ከመቆጣታችሁ በፊት ጠይቁ። ቃሉን እናንተ ቀድማችሁ አውጡት። ይቀላታል።

አሸናፊዋ ደግሞ። ኤቲዬኔ ሜዴይሮስ የሬሲፌ ልጅ ናት፤ በብራዚል ሰሜን ምሥራቅ፣ አትላንቲክ ዳር ያለች ከተማ። ቡዳፔስት ላይ 26 ዓመቷ ነው። እስከዚያ ቀን ድረስ አንዲትም የብራዚል ሴት በ50 ሜትር ገንዳ የዓለም ሻምፒዮና ወርቅ አላገኘችም ነበር። ብራዚል ትልልቅ ወንድ ዋናተኞች ነበሯት፤ ሴቶቹ ግን ያንን በር አልከፈቱትም። ካዛን ላይ ያገኘችው ብር ራሱ ለብራዚል ሴት በዚያ መድረክ የመጀመሪያው ነበር። ከዚያ በፊት በ2014 ዶሃ ላይ፣ በአጭሩ የ25 ሜትር ገንዳ፣ ይህንኑ ርቀት በ25.67 አሸንፋ የዓለም ክብረ ወሰን ይዛለች። ማለትም ይህች ሴት የ50 ሜትር ጀርባ ዋና ሰው ናት። ሥራዋ ይሄ ነው።

ግን ኦሊምፒክ የገዛ አገሯ ሲመጣ ሥራዋ የለም። ሪዮ ላይ የ50 ሜትር ጀርባ ዋና የሚባል ውድድር አልነበረም። ያኔ በኦሊምፒክ 50 ሜትር የነበረው በነጻ ቀዘፋ ብቻ ነው። ስለዚህ ሜዴይሮስ በነጻ ቀዘፋ ገባች፤ ፍጻሜ ደርሳ ስምንተኛ ወጣች። በዓለም ላይ ከማንም ጋር የምትተካከልበትን ነገር ትታ፣ በሁለተኛ ነገሯ ፍጻሜ ደረሰች። አንድ ጎበዝ ክራር መቺ የአገሩ ትልቅ ድግስ ላይ ከበሮ ብቻ ነው ያለን ሲባል አስቡት። ከበሮውንም አሳምሮ መታው።

የዓለም ሻምፒዮናው ይህን ርቀት የጨመረው በ2001 ነው፤ ፉኩኦካ ላይ። ኦሊምፒክ ግን ለሩብ ምዕተ ዓመት ያህል በሩን አልከፈተም። አጭር ነው፣ ተራ ሩጫ ነው፣ ስልት የለውም የሚሉ ሰዎች አሉ። እኔ አልስማማም። ስልት የለውም የሚል ሰው ባንዲራ ቆጥሮ አያውቅም። 100 ሜትር ላይ ጅማሬሽ ቢበላሽ መታጠፊያው ላይ ታስተካክይዋለሽ። 50 ላይ መታጠፊያ የለም። የተበላሸው ተበላሸ።

ሰዓቶቹን ቶሎ ቶሎ ልጥቀስና ልለፍ። በ2009 ሮም ላይ ቻይናዊቷ ዣው ጂንግ 27.06 ዋኘች። ያ ዘመን ዋናተኞች ሰውነትን የሚያንሳፍፍ የፕላስቲክ ልብስ ለብሰው የሚዋኙበት ነው። ልብሱ ከ2010 መጀመሪያ አንስቶ ታገደ። ክብረ ወሰኑ ግን ዘጠኝ ዓመት ቆመ። ሜዴይሮስ 27.14 ስትዋኝ በጨርቅ ልብስ መሆኑን አትርሱ። በ2018 ጃካርታ ላይ ሌላዋ ቻይናዊት ሊዩ ሺያንግ 26.98 ገባች፤ ከ27 በታች የወረደች የመጀመሪያዋ ሴት። በ2023 ደግሞ አውስትራሊያዊቷ ኬይሊ ማኪዮን 26.86 አደረሰችው። ያውም ቡዳፔስት ላይ። ማኪዮን በዚያው ዓመት በዓለም ሻምፒዮናው 50ውንም፣ 100ውንም፣ 200ውንም ጀርባ ዋና አሸንፋለች። በአንድ ሻምፒዮና ሦስቱን የጠቀለለ ከእሷ በፊት አልነበረም።

አሁን የምሥራቹ። በኤፕሪል 2025 ዓለም አቀፉ የኦሊምፒክ ኮሚቴ የ50 ሜትር ጀርባ ዋናን ለሎስ አንጀለስ 2028 አጸደቀ። ለወንዶችም ለሴቶችም። የደረትና የቢራቢሮ ቀዘፋም አብረው ገቡ። ይህ ውሳኔ ከመተላለፉ ከሳምንታት በፊት ደግሞ ኮሚቴው አዲስ ፕሬዚዳንት መርጦ ነበር። ማንን? ኪርስቲ ኮቨንትሪን። ዚምባብዌያዊት። በኮሚቴው ታሪክ የመጀመሪያዋ ሴት፣ የመጀመሪያዋ አፍሪካዊ ፕሬዚዳንት። እና ኮቨንትሪ ምን ዋናተኛ ነበረች መሰላችሁ? የጀርባ። በ2004 አቴንስና በ2008 ቤጂንግ የ200 ሜትር ጀርባ ዋና ወርቅ የእሷ ነው። በሁለቱም ኦሊምፒክ በ100ው ብር አግኝታለች። ስለዚህ ይህ ርቀት ለመጀመሪያ ጊዜ ኦሊምፒክ ላይ ሲዋኝ፣ ያንን ቤት የምትመራው ባንዲራ ቆጥራ የኖረች አፍሪካዊት ትሆናለች። ለእኛ አህጉር ልጆች ይሄ ቀላል ነገር አይደለም።

ሜዴይሮስ በ2019 ጓንግጁ ላይ በዚሁ ርቀት ብር ወስዳለች። ካዛን ብር፣ ቡዳፔስት ወርቅ፣ ጓንግጁ ብር። ሦስት ሻምፒዮና፣ ሦስት ሜዳሊያ፣ በዚያው 50 ሜትር። ለእሷ ውሳኔው ዘግይቷል። ለፉም ዘግይቷል። ይህን ሳልናገር ደስታውን ብቻ ባወራ ልክ አይሆንም።

እሺ። አሁን መብራቱን አጥፉልኝ። ከኋላ ያላችሁ ቀረብ በሉ፤ ልጆቹ መሬት ላይ መቀመጥ ይችላሉ። ሁለት ጊዜ ነው የማሳያችሁ። መጀመሪያ ዝም ብላችሁ እዩት። ሁለተኛው ላይ ግን ውሃውን ተዉት። ዓይናችሁ ባንዲራው ላይ ይሁን። ከሴቶቹ አንዷን ምረጡና፣ ባንዲራው ሥር ስታልፍ ጮክ ብላችሁ መቁጠር ጀምሩ።